ደብተሩ ውስጥ የሌሉት

ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው አሊና ተኪኤ ዓለሙ በጋራ ያዘጋጁት የመሬት ምዝገባ ጥናት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ባንክ የጥናት ጽሑፎች ተርታ ወጣ፤ በ2011 ደግሞ «ላንድ ኢኮኖሚክስ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ምን ለወጠ? መልሱም አያወላዳም። ደብተር ያገኘው ገበሬ መሬቴን እነጠቃለሁ የሚለው ስጋቱ ቀንሷል፤ በማሳው ላይ የሚሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ጨምሯል፤ መሬት በማከራየትና በመከራየትም የበለጠ ደፍሯል። የተገኘው ጥቅም ለምዝገባው ከወጣው ወጪ በእጅጉ ይበልጣል ይላሉ አጥኚዎቹ። ምዝገባው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ማሳ ያዳረሰ ነበርና፣ እንዲህ ዓይነት ውጤት ሲነገር ለጋሽ አገሮች ጆሯቸውን ቢሰጡ አይደንቅም።

ደሴና ኩታበር ላለ አንባቢ ግን ጽሑፉ የሚቀርበው በሌላ ምክንያት ነው። መረጃው የተሰበሰበው ከምሥራቅ ጎጃምና ከደቡብ ወሎ ገበሬዎች ነው። በሰንጠረዦቹ ውስጥ በቁጥር የተደረደረው አባወራ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ በልግ ሲገባለት ገብስ የሚዘራው፣ በልጉ ሲከዳው ዓይኑን ወደ መኸሩ ስንዴና ባቄላ የሚያዞረው ሰው ዓይነት ነው። ከሦስቱ አጥኚዎችም ሁለቱ የአገር ልጆች ናቸው። ስለዚህ «ፈረንጅ መጥቶ የማያውቀውን ጻፈ» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በራሱ መመዘኛ ማንበብ ይገባል።

በራሱ መመዘኛ ደግሞ ጠንካራ ነው። ምዝገባው ሁሉም ቀበሌ ላይ በአንድ ቀን አልደረሰም፤ አንዳንዱ ቀድሞ ደብተር ሲይዝ ሌላው ይጠብቅ ነበር። አጥኚዎቹ ይህን መዘግየት ተጠቅመው የቀደሙት ከምዝገባው በፊትና በኋላ ያሳዩትን ለውጥ፣ በዚያው ጊዜ ደብተር ያልደረሳቸው ካሳዩት ለውጥ ጋር አነጻጸሩ። ዝናቡ፣ የእህል ዋጋው፣ የወጣው አዋጅ ሁለቱንም ወገን ስለነካ በንጽጽሩ ይጣፋል፤ የሚተርፈው የደብተሩ ድርሻ ነው። ስለ መሬት ፖሊሲ በአገራችን ከሚጻፈው አብዛኛው አቋም እንጂ ማስረጃ የለውምና፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ ማየት ደስ ያሰኛል።

የእኔ ቅሬታ ከቁጥሩ በፊት ያለው ጥያቄ ላይ ነው። ስጋቱ የማን ስጋት ነው?

ጥናቱ የይዞታ ዋስትናን የሚለካው ገበሬው በድልድል መሬቴ ይቀነስብኛል ብሎ ይሰጋ እንደሆነ በመጠየቅ ነው። ይህ ስጋት ከሰማይ አልወረደም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ በወሎ ገበሬ ማኅበራት መሬት ሲያከፋፍሉና መልሰው ሲያሸጋሽጉ ኖረዋል። በ1977ቱ ረኃብ ማግስት በሰፈራ ከቀያቸው የተነሡት ከ5 መቶ ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች በአብዛኛው የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ትተውት የሄዱት መሬት ለሌላ ተሰጠ፣ የተመለሱትም ሌላ ሰው ሲያርሰው አገኙት። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል ድልድል መጣ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረ ሁሉ «ቢሮክራት» ተብሎ ይዞታው ተሸረፈ፤ ሌሎች «ፊውዳል» ተባሉ። ጎጃሜዎች ለአቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ ወጡ። ኖርዌያዊው የታሪክ ሰው ስቬን ኤገ በዚያው ዓመት የድልድሉን አካሄድ የተቸ ዘገባ አወጣ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ባለይዞታ ቢሰጋ እውነቱን ነው። ደብተሩ ስጋቱን ካቀለለለትም መልካም። ነገር ግን ድልድልን የሚፈራ ሰው መሬት ያለው ሰው ነው። በዚያው ቤት፣ በዚያው ምድጃ ዙሪያ፣ ድልድል መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፦ ድልድሉ ሲካሄድ ገና ሕፃን የነበረው፣ ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጅ። ለእርሱ ድልድል ተስፋ ነበር። ጥናቱ «የስጋት መቀነስ» ብሎ የመዘገበው ቁጥር ከምድጃው ማዶ ላለው ሰው የተስፋ መዘጋት ነው። ጠያቂው ቅጹን ይዞ ሲመጣ የሚያናግረው አባወራውን ስለሆነ፣ ይህ ሁለተኛው ሰው መልስ የሚሰጥበት መስመር የለም።

ኩታበር አካባቢ ጎረምሳውን መሬት አለህ ወይ ብትሉት «በአባቴ ደብተር ነው የማርሰው» ይላችኋል። አብዛኛው ነገር እዚህች ላይ አለ። ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ስሙ ግን የለም። ሲያገባ አባቱ ከዳር አንድ ጥማድ ቆርሶ ይሰጠዋል፤ የተቆረሰው ግን ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም እንደሆነ ይቀራል፤ ወንድሞቹ ሲያድጉ ደግሞ የእነርሱም ድርሻ ከዚያው ይመጣል። ያልሆነለት ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ቤይሩት ያያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ደብተሩ ደግሞ ሁሉም መሬት ባለይዞታው የታወቀ መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚቆሙ የሚነግረው ሰው የለም። ተራራ ከልሎ ለተደራጁ ወጣቶች መስጠት ተሞክሯል፤ ኩታበር ላይ ግን ለመከለል የቀረው ዳገት ከብትና ፍየል የሚሰማራበት ነው፤ እርሱንም ሲከልሉት ሌላ ጠብ ይወለዳል።

ደብተሩን ራሱን ለማያውቀው አንባቢ ላስተዋውቅ። ገበሬው «አረንጓዴ ደብተር» ነው የሚለው። በፌስታል ተጠቅልሎ ከሣጥን ሥር ይቀመጣል፤ ክርክር የተነሣ ቀን፣ ብድር የተጠየቀ ቀን ይወጣል። ውስጡ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ከእነርሱ ቀጥሎ እያንዳንዱ ማሳ በስፋቱና በአዋሳኞቹ ተዘርዝሯል፦ በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ የእገሌ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ። የመጀመሪያው ዙር ልኬት በገመድ ነበርና ስፋቱ ግምት ነው። እውነተኛው መረጃ አዋሳኙ ነው። ድንበሩን የሚያውቁት ጎረቤቶችና ከገበሬው የተመረጠው የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ናቸው። ምዝገባውን በአንድ ማሳ አንድ ዶላር ገደማ ብቻ ያስወጣው፣ ባንኩም ያደነቀው፣ ይህ የነፃ ጉልበትና የጎረቤት ዕውቀት ነው። የእርሱ ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለመግባቱን አንባቢ ቢጠይቅ አይከፋም። ኮሚቴው የሚሠራው ደመወዝ ሳይከፈለው፣ በእርሻው ሰዓት ነውና።

የፎቶው ነገር በእውነት ትልቅ ነው። ትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ምዝገባ ስትጀምር ደብተሩ የሚጻፈው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር። የአማራ ክልል የሁለቱንም ስምና ፎቶ አስገባ። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏ ወንድሞች መጥተው «ይህ የአባታችን መሬት ነው» ሲሏት የምታወጣው ነገር አገኘች። መጋዞ ስትሰጥም እንዲሁ። በሬ የሌላት፣ ጉልበት የሚያግዛት የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ካልሰጠች ጦም ያድራል፤ ከሰጠች ደግሞ «ራሷ አታርሰውም» ተብሎ በሚቀጥለው ሽግሽግ ይወሰድብኛል ትል ነበር። ጥናቱ ደብተሩ ይህን ፍርሃት ሰብሮ የኪራይ ገበያውን አነቃቃ ሲል አምነዋለሁ፤ ስታይን ሆልደንና ባልደረቦቹ ትግራይ ላይ ያገኙትም ይህንኑ የሚደግፍ ነው። ነገር ግን ተሳትፎ ጨመረ ማለትና አከራይዋ ተጠቀመች ማለት አንድ አይደሉም። ውሉ እኩል ነው ወይስ ሲሶ? ዘሩን ማን ያወጣል? ገለባው የማን ነው? የከብት መኖ በሚያጥርበት ደጋ ገለባ ከፍሬው የማይተናነስበት ዓመት አለ። የመጋዞ ፍትሕ ያለው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ውስጥ ነው።

የአፈር ጥበቃው ነገር ይበልጥ ያከራክረኛል። ገበሬው ዋስትና ሲሰማው በማሳው ላይ ይደክማል የሚለው የመጽሐፍ አመክንዮ የታወቀ ነው። ወሎ ውስጥ ግን እርከን የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በደርግ ጊዜ በ«ምግብ ለሥራ» ስንዴና ዘይት እየተሰፈረ ተራራው ተቧጥጧል። ያንን እርከን ብዙው ገበሬ ሥርዓቱ ሲወድቅ አፈረሰው፤ ያዛዡ ሥራ እንጂ የእርሱ ሥራ አልነበረምና። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት መጣ፤ ቀጥሎም የተፋሰስ ልማት ዘመቻው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ኩታበር ላይ አካፋና ዶማ ይዞ የሚወጣው ሰው የወጣው ደብተር ስላለው ነው? ወይስ ስሙ በልማት ቡድኑ መዝገብ ስለሰፈረ? «ባለፈው ዓመት እርከን ሠርተሃል ወይም ጠግነሃል?» ለሚል ጥያቄ ሁለቱም «አዎ» ይላሉ። ምሥራቅ ጎጃም በአብዛኛው ትርፍ አምራች፣ ደቡብ ወሎ ደግሞ የሴፍቲኔት አገር መሆኑን ለሚያውቅ፣ ሁለቱን ዞን በአንድ ማጠቃለያ መጨፍለቅ ምቾት አይሰጥም። እርከኑን ገበሬው በራሱ ፈቃድ መሥራቱን የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፦ በሁለተኛው ዓመት፣ ማንም ሳያዘው፣ የተናደውን ይጠግነዋል ወይስ አይጠግነውም?

ስለ ውጭ እጅ አንድ ነገር ልበል። ዓለም ለኢትዮጵያ የመሬት ጥያቄ ያደረገው ድጋፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ ትርጉሙ ተለዋውጧል፤ ይህ ጥናትም በቅጡ የሚገባን የመጨረሻው ምዕራፍ መሆኑን ስናይ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1967 ጭላሎ ላይ ካዱ የተባለውን የግብርና ልማት ፕሮጀክት ስትጀምር ችግሩን ቶሎ አየችው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ መሬቱን አትራፊ ሲያደርገው ባለመሬቱ ጭሰኛውን አባርሮ ትራክተር አስገባ። ስዊድኖቹ የጭሰኞች ሕግ እንዲወጣ ጎተጎቱ፤ ረቂቁም ቀረበ፤ ባለመሬት የሞላበት ፓርላማ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። «መሬት ላራሹ» ያኔ የተማሪው መፈክር ነበር፤ የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትም ያስተጋባው ነበር። በጃፓንና በታይዋን አሜሪካ ራሷ የባለርስትን መሬት ለአራሹ ማከፋፈልን ደግፋለች። የዓለም ባንክም የመሬት ሥሪት ለውጥን የሚመለከት የፖሊሲ ሰነዱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975፣ ማለትም እኛ አዋጁን ባወጅንበት ዓመት ነው። ድጋፍ ማለት ያን ጊዜ ማን መሬት ይኑረው የሚለውን ጥያቄ መንካት ነበር።

ከዚያ ባንኩ ወደ ግል ባለቤትነት ሰነድ አዘነበለ፤ በዳይኒንገር አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሰፊ ዘገባ ደግሞ ያንን አለዝቦ፣ የግል ንብረት ባይሆንም የተመዘገበ የመጠቀም መብት ይበቃል ወደሚል መጣ። ለኢትዮጵያ መንግሥት ይህ የተመቸ ዜማ ነበር። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ለጋሹ ምዝገባውን ይረዳል፤ ሁሉም ይስማማል። በአማራ ክልል መንገዱን የከፈተችው እንደገና ስዊድን ናት። በስዊድኑ የእርዳታ ድርጅት በሲዳ ይደገፍ የነበረው የገጠር ልማት ፕሮግራም ከ1989/90 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው በሁለቱ ዞኖች፣ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ነበር። ክልሉ በ1992 አዋጅ ቁጥር 46ን አወጣ፤ የአካባቢ ጥበቃ፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ሙከራውም በሁለት ቀበሌዎች ተጀመረ፦ ጎዛምን ውስጥ አዲስና ጉሊት፣ እዚህ ከደሴ አፍንጫ ሥር ገራዶ። ቀጥሎ አሜሪካኖች፣ ከዚያ በአዊና በቤኒሻንጉል ፊንላንዶች፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ 14 ሚሊዮን ማሳ በካርታ ለማስመዝገብ ያቀደው ሊፍት የተባለው የእንግሊዝ ፕሮግራም መጡ። ከገመዱ ወደ አየር ፎቶው የተሸጋገርነው በዚህ መንገድ ነው። ትግራይ ቀድማ ያለ ብዙ የውጭ እርዳታ በራሷ አቅም መመዝገቧ ግን መዘንጋት የለበትም። ርካሹንና ፈጣኑን ሥራ የሠሩት የቀበሌ ኮሚቴዎች ነበሩ፤ የውጭው ገንዘብ በብዛት የመጣው ከተሳካ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ማን መሬት ይኑረው የሚለው ጥያቄ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ተነሣ፤ መሬት ያለው ምን ያህል ይተማመን የሚለው ተተካ። ጥናቱ ይህን ለውጥ እንደ ተፈጥሮ ነገር ይቀበለዋል። «የፖሊሲ ገደቦች ቢኖሩም» ትላለች አንዲት ሐረግ በጥናቱ አሕጽሮተ ጽሑፍ ላይ፤ በባንኩ ቋንቋ ገደብ ከሚባለው ውስጥ በወቅቱ መሸጥና ማስያዝ አለመቻሉ አለበት። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ በማኅበራዊ ጥናት መድረክ በኩል በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጽሑፍ የዋስትናውን ችግር ሥር መሬቱ በመንግሥት እጅ መሆኑ ላይ ያገኘዋል። ከደሳለኝ ጋር በመፍትሔው ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ሽያጭ ቢፈቀድ በአንድ ክፉ በልግ ስንቱ መሬቱን እንደሚሸጥ ለመገመት ስለ አምባሰል ረኃብ የጻፉትን የራሳቸውን መጽሐፍ ማንበብ ይበቃል። ጥያቄውን ግን በትክክል አስቀምጠውታል፦ ዋስትና የሚነካው በመንግሥት ከሆነ፣ መንግሥት የሰጠው ደብተር ከመንግሥት ያስጥላል ወይ?

ሐምሌ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ሁለት የፌዴራል አዋጆች በተከታታይ ቁጥር ወጡ። 456ኛው የገጠር መሬት ይዞታን ማረጋገጫ የሚሰጥበትን መንገድ የደነገገ ነው። 455ኛው መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን። ገበሬው ደብተሩን ባገኘበት ሕግ ጎን ደብተሩን የሚያስረክብበት ሕግ ተቀምጦ ነበር። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ደሴ ወደ ዳር ዳር ስትሰፋ፣ የኩታበር ከተማም አዲስ ሰፈር ስትቀድድ፣ የከተማ ዳር ገበሬ ስጋት ካሳውና ምትክ መሬቱ ሆኗል፤ ድልድል የሚለው ቃል ከአፉ ከወጣ ቆይቷል። አጥኚዎቹ መረጃ ሲሰበስቡ ይህ ገና ያልገነነ ነበርና አልወቅሳቸውም። ጥናቱን ዛሬም «ምዝገባ ስጋትን ያጠፋል» ለማለት የሚጠቅሱት ግን የትኛውን ስጋት እንደሆነ መናገር አለባቸው።

ይህን የምለው ደግሞ ጊዜው ስለሆነ ነው። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ደብተሩም ወደ ኮምፒዩተር መዝገብ እየገባ ነው። ነገ ሌላ ቡድን መጥቶ ምን ለወጠ ብሎ ይጠይቃል፤ ምናልባትም ብድር ጨመረ፣ ማዳበሪያ ጨመረ የሚል ሰንጠረዥ ይሠራል። ጠያቂው ያን ቀን ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምር። አባትየው መብቱን ለአምስት ዓመት ሲያስይዝ፣ በአባቱ ደብተር የሚያርሰው ልጅ ተጠይቋል ወይ? ብድሩ በልግ ከድቶት ሳይመለስ ቢቀር መሬቱን ለጊዜው የሚያርሰው ማን ነው፣ ልጁስ እስከዚያ የት ይከርማል? መልሱን ለማግኘት አዲስ ስልት አያስፈልግም፤ በዚያው ቤት ሁለተኛ ሰው ማናገር ይበቃል።